በጾም ቀን የሚቀምሱልኝ ዶሪን

በዓመት ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ቀን፣ የሠራሁትን ምግብ ሳልቀምስ ነው በምግብ አብሳይነት የኖርኩት። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመን ስናወራ አንዷ ወዳጄ፣ "ታዲያ አንቺ ምግብ አብሳይ ነሽ ወይስ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሹፌር?" ብላ ሰዉን ሁሉ አስቃብኛለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን እውነት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ ሁሉንም ደምሩት። በዚያን ሁሉ ቀን ምላስ የሆኑልኝ ሌላ ሰው ነበሩ። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው። ስለ ራሴም፣ የማልኮራበትን ጭምር።

ባለፈው ፀደይ ጡረታ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ የኖርኩ ሰው፣ አሁንም በዚያው ሰዓት እነቃለሁ፤ የምሄድበት ግን የለም። ቤቱ ጭጭ ይላል። የፍሪጁ ሞተር ሲነሣ ሰው የመጣ ይመስለኛል። ልጄ ቤቲ ዳላስ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ኮል ታደርገኛለች። "ማሚ፣ ሆቢ ያዢ" ትለኛለች። ሆቢ ማለት እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የቀረውን የተማርኩት ባቡር ላይ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር፣ ከዚያ በቢጫው እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ሄጄ ስመለስ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ማንበቢያ ነበረኝ። ያገኘሁትን ሁሉ አነብብ ነበር፤ ሰው ጥሎት የሄደውን የመድኃኒት ማዘዣ መመሪያ ሳይቀር።

መጀመሪያ ፓርኪንግ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ቀጥሎ ዩ ስትሪት አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ዕቃ አጠብኩ፤ ኪራዩ ሲጨምር ባለቤቱ ዘጉትና ሥራ ፈታሁ። አሌክሳንድሪያ የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ዕቃ አጣቢ ይፈልጋል ሲሉኝ፣ የእንግሊዝ ይሁን የቻይና ሳልጠይቅ ሄድኩ።

ባለቤቱ ግሬግ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ወጣት ሳለ እንግሊዝ ገጠር አንድ ክረምት አሳልፎ፣ ያንን ክረምት እንደገና ለማግኘት ብሎ ነው ቤቱን የከፈተው ይባላል። ጥቁር እንጨት፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ግድግዳው ላይ የፈረስ ጌጥ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቼካችን በሰዓቱ ይወጣል። ኪችኑ ግን የሱ አልነበረም። ኪችኑ የዶሪን ነበር።

ዶሪን እንግሊዛዊት ናቸው። ያኔ ስድሳን ተሻግረዋል፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ነጭ ጸጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ። እንግሊዝኛ አንቱ የሚል ነገር የለውም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፤ ስለዚህ እዚህም እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ወር ላይ ከዕቃ ማጠቢያው ጎትተው አወጡኝ። "አስካለ፣ እጅሽን አሳዪኝ" አሉ። አሳየኋቸው። "ቀዝቃዛ ነው። ጥሩ። የሊጥ እጅ ነው" አሉ። እሳቸው ሊጥ ከመንካታቸው በፊት ሁለት እጃቸውን እስኪቀላ ድረስ የበረዶ ውኃ ውስጥ ይነክሩ ነበር። ሊጡ ከሞቀ ቅቤው ይቀልጣል፣ ቅቤው ከቀለጠ ሲጋገር አይነባበርም። የቤቱ ዋና ምግብ ፓይ ነው፤ የበሬ ሥጋ በጥቁር ቢራ ቀስ ብሎ ሲበስል ውሎ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር። መብሰሉን በሰዓት አያውቁም። ከኦቭን አውጥተው በፎጣ ይይዙትና የታችኛውን ሊጥ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ባዶ ሣጥን ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ከወጣ ደርሷል። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ይመለሳል። መረቁን ከእሳት ካወረዱ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበታል፤ ከዚያ በፊት ከገባ ይበንናል ይላሉ። በመጨረሻ ይቀምሱና ማንኪያውን የድስቱ አፍ ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርገው "ልክ ነው" ይላሉ። "ልክ ነው" ካሉ ግሬግም አይከራከርም።

የመጀመሪያው ቀን ሊጡ በአሳማ ስብ እንደሚለወስ ሳይ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

"ምነው?" አሉኝ።

"የአሳማ ነገር አልነካም። በሃይማኖቴ ነው።"

ትንሽ አሰቡና፣ "የበሬ ሞራስ?" አሉ።

"የበሬ ከሆነ እሺ።"

ከዚያን ሳምንት ጀምሮ የቤቱ ሊጥ በቅቤና በበሬ ሞራ ሆነ። ግሬግ ይህ ወጪ ነው ብሎ አጉረመረመ። "ለውጡን ያወቀ ደንበኛ ካለ አምጣልኝ" አሉት። አንድም አልመጣም።

ረቡዕ ሲሆን ማንኪያ ዘረጉልኝ። "ቅመሽ።"

"ዛሬ አልችልም፣ ረቡዕ ነው።"

"ረቡዕ ምን አደረገሽ?"

ጾም መሆኑን ነገርኳቸው።

"በዓመት ስንት ረቡዕ ነው የምትጾሚው?"

"ሁሉንም።"

"ዓርብስ?"

"ዓርብንም።"

"ሌላስ አለ?"

"ሌላውን አሁን ብነግርዎ ሥራ ያስለቅቁኛል" አልኩ። ሳቃቸው እስከ ባንኮኒው ተሰማ። በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አምጪልኝ አሉኝ። ከፍሪጁ አጠገብ ሰቀሉትና ጾሙን አንድ በአንድ እየጠየቁ በቀይ እርሳስ ቀለሙት። ካላንደሩ ከነጩ ቀዩ በለጠ። "እንግዲህ እነዚህ የኔ ናቸው" አሉ ቀዩን እየጠቆሙ። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ካላንደር አመጣለሁ፣ እሳቸው ይቀልማሉ። ፍልሰታ መቼ እንደሚገባ ከልጄ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር።

የንስሐ አባቴ አንድ ቀን ነገሩን ሰምተው፣ "ልጄ፣ የእንጀራሽ ጉዳይ ነው። በምላስሽ ጫፍ ነክተሽ ትፊው፣ እኔ አለሁ" ብለውኝ ነበር። እኔ አልፈለግሁም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልናገር። "አስካለ ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስታበስል ውላ ጣቷን እንኳ አትልስም" ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው እላለሁ፤ ግማሹ ለሰው ወሬ ነበር።

ሌላም ሥራ ነበራቸው ዶሪን፤ ማንም የማይከፍላቸው። እንግሊዝ አገር ሊሄድ ያሰበ ደንበኛ ሁሉ ኪችኑ በር ላይ ይቆምና "ገጠሩን ልናይ ነው፣ የት እንብላ፣ የት እንጠጣ?" ይላቸዋል። እሳቸው ሊጡን ሳያቆሙ ይናገራሉ። ያደጉበት አገር ሽሮፕሻየር ይባላል፤ ሽሮ የሚል ስላለበት ወዲያው ያዝኩት። "ድልድዩ ጋ ያለው ቤት የፖም ጠጁን፣ ሲደሩን ጠጡ፣ ምግብ ግን እንዳታዙ። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት ዳቦና አይብ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ሽንኩርት ጋር ብሉ፣ ሌላ ነገር ከጠየቃችሁ ሴትዮዋ ትቀየማለች። ለእሑድ ጥብስ ከሰባት ሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ቢራው ሞቅ ያለ ነው ብላችሁ አትመልሱ፣ እንደዚያ ነው የሚጠጣው። ውሻ ወንበር ላይ ከተኛ ሌላ ወንበር ፈልጉ፣ ወንበሩ የሱ ነው።" መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ማረሻው የሚባለውን ቤት ይጠራሉ። አክስታቸው ያበስሉበት የነበረ፣ ፓይ መሥራት የተማሩበት የመንደራቸው መጠጥ ቤት ነው። እኔ ሁሉንም በአማርኛ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ዶሪን ዕረፍት የወጡ ቀን ደንበኛ ሲመጣ እኔ መለስኩ። አንዴ አንድ ሽማግሌ፣ "እዚያ ስንት ዓመት ኖረሻል?" አሉኝ። "አንድ ቀንም" ስላቸው የቀለድኩ መሰላቸው።

አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠራን። አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ።

በመጨረሻው ዓመት ገና አካባቢ አንድ ጣሳ ክሬም ተበላሽቶ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ዶሪን አጠገቤ ቆመው ወደ ድስቱ ሊገለብጡት ነበር። "ተበላሽቷል" አልኳቸው። "አዎ፣ አዎ፣ ላየው ነበር" አሉ። ሌላ ቀን ዳቦ ሲያር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። አፍንጫቸው እንደሄደ ያኔ ገባኝ። አፍንጫ ከሄደ ምላስም ይከተላል፤ አብሳይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማንኪያውን እንደ ድሮው ዘረጋሁላቸው። እሳቸውም ቀመሱ፣ ኳ ኳ አደረጉ፣ "ልክ ነው" አሉ። አብረን አንድ የውሸት ሥራ እንሠራ ጀመር፤ ሁለታችንም ሳንናገር።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል አንድ የድሮ ደንበኛ አርባ ሰው ጠርቶ የጋብቻ በዓሉን ምሳ አዘዘ። ግሬግ በዚያን ሳምንት ከሌላ አቅራቢ አዲስ የአጥንት መረቅ ገዝቷል። ጨው ያለበት መሆኑን ጣሳውን ያነበበ የለም፤ የመድኃኒት መመሪያ ሳይቀር የማነበው እኔም አላነበብኩም። የለመድኩትን ጨው ጨመርኩ። ማንኪያውን ለዶሪን ሰጠሁ። "ልክ ነው።"

ሳህኖቹ መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሁሉም፤ ሊጡ ብቻ ተበልቶ። ግሬግ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባ።

"ይህ የባሕር ውኃ ነው! ማነው የቀመሰው?"

አስተናጋጆቹ ቆመዋል፣ ዕቃ አጣቢው ቆሟል። የእኔ ጨው ነው ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው።

"እኔ ጾም ላይ ነኝ" አልኩ። "የቀመሱት እሳቸው ናቸው።"

ዶሪን አዩኝ። አልተቆጡም፤ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ነው ያዩኝ። ግሬግ ማንኪያ አንሥቶ ከድስቱ ጨለፈና ሰጣቸው። "እስቲ አሁን ቅመሺው።"

ቀመሱ። ኪችኑ በሙሉ አፋቸውን ያያል። ማንኪያውን ድስቱ አፍ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ።

"ልክ ነው" አሉ።

ግሬግ ራሱ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ዶሪን ማንኛችንን ሳያዩ ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በኋላ በር ወጡ። ተመልሰው አልመጡም።

በማግሥቱ መረቁን በምላሴ ጫፍ ነክቼ ተፋሁ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ። አሥራ አራት ዓመት እምቢ ያልኩት ነገር ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ዋና አብሳይ አደረጉኝ፣ ደመወዝም ተጨመረልኝ። ስምንት ዓመት በዚያ ኪችን ብቻዬን ቀምሼ፣ ብቻዬን ድስት አንኳኩቼ ኖርኩ። ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ልጆች ናቸው፣ ጆሯቸው ላይ ሙዚቃ አለ። ካላንደሩን መቀለም ተውኩ።

ዶሪን ጉልበታቸው ሲደክም እዚያው አሌክሳንድሪያ የአረጋውያን ማቆያ ገቡ። ሰኞ ዕረፍቴ ስለሆነ ሰኞ ሰኞ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ስሄድ በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እሳቸው ግን፣ "ነይ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ንፋስ ነው" ብቻ አሉኝ። ስለዚያ ቀን እኔ ይቅርታ ልል ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አወራሁ። እሳቸውም አላነሡትም። ያን ሁሉ ሰኞ መሐላችን እንደ አንድ ተጨማሪ ወንበር ቆሞ ነበር።

ጡረታ ልወጣ መሆኑን ስነግራቸው፣ "እንግዲያው ሂጂልኝ" አሉ።

"ወዴት?"

"ማረሻው። ፓዩን ብዪልኝ። እንደ አብሳይ ቆመሽ አይደለም፤ እንደ እንግዳ ተቀምጠሽ። ከዚያ ደውዪና ጨዉን ንገሪኝ። ኮምጣጤውንም። የአክስቴ ነገር አሁንም እዚያ ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ "እኔ ብሄድም አሁን አላውቀውም" አሉ። ስለ ምላሳቸው ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ለቤቲ ነገርኳት። "ማሚ፣ ቲኬቱን እኔ እገዛልሻለሁ፣ ጊፍት ነው!" አለችና በሳምንቱ ላከችው። ቀኑን አየሁት። ደወልኩላት።

"ቤቲዬ፣ ይህ እኮ ፍልሰታ ነው።"

"ፍልሰታ... ዋት ኢዝ... ኦ ማይ ጋድ። ማሚ፣ አይ ፎርጎት።"

"ፓይ ልበላ ነው የምሄደው።"

"አንድ ቀን ብትበይስ? ጋድ አንደርስታንድስ።"

"እግዚአብሔርማ ይገባዋል። እኔ ነኝ ያልገባኝ" አልኳት። ቲኬቱ የማይመለስ ነበር። ሄድኩ።

በመንደሩ አቅራቢያ ካለች ትንሽ ከተማ አንዲት ባልቴት ቤት ክፍል ተከራየሁ። በአውቶቡስ እየሄድኩ ደብተሬን ይዤ የዶሪንን ቤቶች አንድ በአንድ ፈለግሁ። ድልድዩ ጋ ያለው ቤት አለ፤ ሲደሩ ወርቅ ይመስላል፣ በዓይኔ ብቻ ጠጣሁትና ለራሴ የሎሚ መጠጥ አዘዝኩ። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት መኖሪያ ቤት ሆኗል፤ በሩ ላይ የልጅ ብስክሌት ቆሟል። አንዱ ተቃጥሏል። አንዱ ውስጥ በእርግጥ ውሻ ወንበር ላይ ተኝቶ አገኘሁና ዓይኔ እንባ ሞላ። ሻይ ያለ ወተት ስል አስተናጋጆቹ ሐኪም የከለከለኝ እየመሰላቸው ያዝኑልኛል። ቅቤ ያልነካው ድንች፣ ባቄላ፣ ደረቅ ዳቦ። በየቤቱ ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ ይሰጡኛል፣ ሁለተኛውን ሳህንና ሹካ ደግሞ ያነሡታል። ማንሣታቸው ነው የሚከብደኝ የነበረው።

ማረሻውን ለመጨረሻ አቆየሁት። መመለሻዬ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ቀምሼ ልትፋው እችላለሁ፣ የንስሐ አባቴም ፈቅደዋል። ዶሪን ያሉኝ ግን ብዪ ነው። ቅጣቱን ከፍዬ ቲኬቱን አራዘምኩ፤ ለቤቲ ስነግራት "ዩ አር ክሬዚ፣ ማሚ" አለችኝ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት የሚያስቀድሱበት የለም፣ "እንኳን አደረሰሽ" የሚለኝም የለም። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ራሴን "እንኳን አደረሰሽ" አልኩና ማረሻውን ከፍቼ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ቤቱ ዶሪን እንዳሉት ነው፤ የምድጃው ድንጋይ፣ ጎንበስ የሚያስብለው በር። ባንኮኒው ላይ ጸጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ደግ ልጅ አለች።

"የበሬ ሥጋ ፓይ አላችሁ?"

"አለን።"

"ሊጡ ላይ የአሳማ ስብ አለበት?"

"ኧረ እንጃ፣ ቆዪ ሳጥኑን ላንብብልሽ" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። የካርቶን ሳጥን ይዛ ተመለሰች። በረዶው ገና አለቀቀውም። "የአትክልት ዘይት ነው፣ የአሳማ የለውም!" አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

ሳጥኑን አየሁት። ከፋብሪካ የመጣ ነው። ወጥቼ ልሄድ ብዬ ነበር። "አምጪልኝ" አልኳት።

መጣ። የታችኛውን ሊጥ በሹካ ነካሁት፤ ረጥቦ ላሽቋል። ባንኳኳው ድምፅ አይሰጥም። መረቁ ጣፋጭ ነው፣ እንደ ማርማላታ። ጨው የለውም። ኮምጣጤ በአጠገቡ አላለፈም። ስልኬን አወጣሁ። አሌክሳንድሪያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ቁርሳቸውን የሚበሉበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ።

"ሁለት ቀን ዘገየሽ" አሉ።

"ፍልሰታ ነበር።"

"አውቃለሁ። ቆጥሬአለሁ። ዛሬ ተፈታ አይደል? ተቀምጠሻል?"

"ምድጃው አጠገብ ተቀምጫለሁ።"

"እሺ። ሊጡ ሲንኳኳ?"

ፓዩን አየሁት። ያን ዕለት የተመለሱትን ሳህኖች አየሁ። ኪችን ሙሉ ሰው አፋቸውን ሲያያቸው አየሁ።

"እንደ ባዶ ሣጥን" አልኩ።

"ኮምጣጤውስ?"

"አለ። ከእሳት ከወረደ በኋላ የገባ ነው።"

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "ጨዉስ አስካለ?"

ማንኪያውን አንሥቼ የሳህኑን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፣ በስልኩ እንዲሰማቸው።

"ልክ ነው" አልኳቸው።

"እኔም እንደዚሁ ነበር የምልሽ" አሉኝ፣ በቀስታ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም።

"አውቃለሁ" አልኩ። "ያን ቀንም አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

"በይ እንግዲህ ይቀዘቅዝብሻል" አሉ። "ጨርሺውና ነዪ። መስከረም እየደረሰ ነው፣ ካላንደሩን አምጪልኝ።"

ስልኩን አስቀመጥኩ። አረንጓዴዋ ልጅ ከባንኮኒው "ጥሩ ነው?" አለችኝ።

"ልክ ነው" አልኳትና ጨረስኩት፤ እስከ መጨረሻው ጉርሻ።